ሦስተኛው ድንጋይ

በእኛ አገር የእጅ ባትሪም ሬዲዮም የሚበላው ነገር ስሙ ድንጋይ ነው። የባትሪ ድንጋይ። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ በሰባት ዓመቴ ምንም የሚያስቅ ነገር አልታየኝም ነበር፤ ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነው ብዬ አምን ነበር፤ ሮቢ ወንዝ ዳር ያለው ዝም የሚል፣ ሬዲዮ ውስጥ የሚገባው ደግሞ የሚናገር። የሚናገረው ንግግሩን ሲጨርስ ይሞታል። ሲሞት እንደ ሰፈሩ ሁሉ ጣራ ላይ አውጥተን ፀሐይ እናሰጣዋለን። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ እንደሆነች ቀልድ አታውቅም፤ አሥር ሰዓት ላይ ስናነሳው እጅ ይፈጃል። መልሰን ስንከተው ትንሽ ያወራና ይሞታል፤ በነጋታው ደግሞ ከትናንቱ ያነሰ ያወራል።

በሰማንያ አንድ መስከረም እናቴ ድንጋይ ፈላጊ ሆነች። ኅብረት ሱቅ ድንጋይ የሚመጣው አንዳንዴ ነው፤ ሲመጣም በየሳምንቱ የምትገዛ ሴት ዓይን ውስጥ ትገባለች። ሬዲዮው የአባቴ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ ከእሱ የቀረን ስሙ መሐመድ፣ ወንዝ ዳር ያለው የማሽላ ማሳ እና ይህ ባለ ሦስት ድንጋይ ሬዲዮ ነው።

ወንድሜ ኢብሮ ለውትድርና ከተወሰደ ዓመት ሊደፍን ነበር። የተወሰደው ከሳፊያ ልጅ ጋር፣ ከአንድ ሜዳ፣ ኳስ ሲጫወቱ ነው። ሳፊያ ከአጥራችን ማዶ የምትኖር የእናቴ ጓደኛ ናት፤ አብረው ተዳሩ፣ አብረው ወለዱ። ልጆቹም ሁለቱም ኢብሮ ስለሆኑ ሰፈሩ የሚለያቸው በእናቶቻቸው ነበር፤ የራህመት ኢብሮ፣ የሳፊያ ኢብሮ እየተባሉ። በዚያ ቀን ወታደር የጫነው መኪና ሲነሳ የእኛው ኢብሮ ከሰዎቹ ትከሻ በላይ አንገቱን አሰገገና፣ «ፈሪሃ፣ ሬዲዮ ስሚ፤ ዘፈን እመርጥልሻለሁ» አለኝ።

ይህ ቀልድ አልነበረም። ወታደሮች ዘፈን የሚመርጡበት ፕሮግራም ነበር። መጀመሪያ ስም ይጠራል፣ ክፍለ ሀገሩ ይጠራል፣ ለማን እንደተመረጠ ይነገራል፤ ከዚያ «ሙዚቃውን ይዘን እንቀርባለን» ይባልና ዘፈኑ ይለቀቃል። ስለዚህ እናቴ ለሬዲዮው ድንጋይ መፈለግ ስትጀምር ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

እናቴ አስፋልቱ ዳር ፓፓያና ሎሚ ትሸጥ ነበር። ደንበኛዋ ጋሽ ሽፈራው የአሰብ መስመር ሹፌር ነው፤ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ፣ ሳቁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው። አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ ከወንበሩ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የመኪናው መረገጫ ላይ ዘርግቶ አሳየን። ከመርከብ የወረደ ነው አለ፤ የድንጋይ መሙያ። ድንጋዩ ሲሞት አይጣልም፣ በመብራት ይሞላል፣ እንደገና ይሠራል።

ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ጥቁርና ትልቅ ነው፤ አራት የሚሞላ ድንጋይ ይዟል፤ ፊቱ ላይ የበርበሬ ፍሬ የምታክል ቀይ አምፖል አለችው። ሌላው የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል ግራጫ ነገር፣ ሁለት ድንጋይ ያለው፣ ምንም መብራት የሌለው።

«ትልቁ እያንዳንዱን ለብቻው ነው የሚሞላው፤ አንድም አስገቢ፣ ሦስትም አስገቢ ግድ የለውም» አለ ጋሽ ሽፈራው። «ትንሹ ግን ጥንድ ካልሆነ አይሠራም። እንደ በሬ ነው። ያንቺ ሬዲዮ ስንት ይበላል?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው በሬሽ ጎዶሎ ነዋ።» ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ በደንብ አስረዳት። ትንሹን ከወሰደች ሁለቱን ትሞላለች፤ ሦስተኛው ተራ ድንጋይ ሊሆን ነው። ተራው ቶሎ ይደክማል፣ ሲደክም ደግሞ ሁለቱን ይጎትታቸዋል፤ ደካማ በሬ ጠንካራውንም ይዞ ይወድቃል። ትልቁ ይሻልሻል አላት፤ ዋጋው ከብዷት እንደሆነ እስከ ጥር ድረስ በፓፓያ ትከፍለዋለች።

እናቴ ትልቁን አንስታ አገላበጠችው። ቀይዋን አምፖል በአውራ ጣቷ ሸፈነቻት፤ ጣቷን አነሳች፤ እንደገና ሸፈነቻት።

«ጋሼ፣ ይቺ መብራት ማጥፊያ የላትም?» አለችው።

«ምን አደረገችሽ? መሙላቱን የምታውቂው በሷ ነው።»

«ማጥፊያ የላትም ወይ?»

«የላትም።»

ትንሹን ወሰደች። ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ። ቀይዋን መብራት ፈልጌአት ነበር፤ እናቴ ገንዘብ ስትሰስት ዘፈናችንን ያበላሸችው መሰለኝ። ዛሬ የዚያን ቤት ግድግዳ ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል። የማሽላ አገዳ ላይ በስሱ የተለጠፈ ጭቃ ነበር፤ ጭቃው በሙቀት እየተሰነጠቀ ማታ የውስጡ ብርሃን በውጭ መስመር መስመር እየሆነ ይታያል። ከግድግዳው ጀርባ የአከራያችን የእትዬ ዘነበች ግቢ ነው፤ ወንድሟ አብዮት ጥበቃ ነው። ልጇ ሰሜን ጦር ግንባር ያለባት ሴት ቤት ቀይ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ቢያይ ምን ነው ይላል? እናቴ በዚያ መረገጫ ላይ ሁለቱን ዕቃዎች ስታመዛዝን የነበረው ይህን ነው።

ማታ መብራት ሲመጣ አምፖሉን ትፈታና በቦታው ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ታስገባለች፤ መሙያውን ሰክታ በሻሽ ትሸፍነዋለች። እኛ ኩራዝ አብርተን እንቀመጣለን። እትዬ ዘነበች ይህን ለማየት ሁለት ማታ አልፈጀባትም።

«ራህመት፣ መብራት እያለ ኩራዝ? ጋዙ ከየት ተርፎሽ ነው?» አለች በአጥሩ ላይ።

«ፈሪሃን ዓይኗን አሟት ነው፣ እትዬ። አምፖሉ ይወጋታል።»

በነጋታው እትዬ ዘነበች በቆርቆሮ የሻይ ቅጠል ውሃ ይዛ መጥታ ዓይኔን አጠበችልኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። እኔም የታመምኩ መሰለኝ፤ ለብዙ ዓመታት ትምህርት ቤት ፊት ወንበር ላይ የምቀመጠው ዓይኔ ደካማ ነው ብዬ ነበር።

ጥቅምት ገባ፣ ማሽላው እሸት ያዘ፣ ግሪሳም መጣ። ግሪሳን ያላየ ሰው ወፍ ብቻ ይመስለዋል። ደመና ሆኖ ነው የሚወርደው፤ አንድ ማሳ ላይ ካረፈ ሲነሳ የሚቀረው አገዳ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው በየማሳው መካከል በተሠራው ማማ ላይ ይወጣል፤ በወንጭፍ፣ በጅራፍ፣ በጣሳ እያንጫጫ ያባርራል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዲት ሴት ማማዋ ላይ በሻርፗ ውስጥ ሬዲዮ ይዛ ብትሰማ ማንም አያውቅባትም። እናቴ ይህን አስባበት ነበር።

እኔ ወንጭፍ እወነጭፋለሁ፤ እናቴ ጆሮዋን ሬዲዮው ላይ አስደግፋ መዘውሩን ጥፍር ታህል ብቻ ታዞራለች። ከጩኸት መካከል አንድ ሰው ይወጣል። አማርኛው ከእኛ የተለየ ነው፤ አንዳንዱን ቃል ከጉሮሮው ሥር ነው የሚያነሳው። ስም ይጠራል። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከአርሲ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ አውራጃ፣ ወረዳ። ብዙ ስም። ዘፈን ግን የለም።

«ዘፈኑስ?» እላታለሁ።

«ስሙ ሲያልቅ ይመጣል።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ዝም ብለሽ ወፍሽን ጠብቂ። ደግሞ የምትሰሚውን ለወፉም እንዳትነግሪ።»

ስለዚህ ጠበቅሁ። ይህን ያህል ወታደር ዘፈን ሲመርጥ የእኛ ተራ እስኪደርስ መዘግየቱ ትክክል መሰለኝ። የሚጠሩት በወዲያኛው ወገን የተማረኩት ልጆች መሆናቸውን፣ ሬዲዮውን መስማት የሚያሳስር መሆኑን፣ ስሙ የተጠራ ልጅ በሕይወት አለ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት አድጌ ነው። እናቴ አንድም ቀን አላስተካከለችኝም። የዘፈን ምርጫ ነው ብላ የምታምን ልጅ፣ ብትጠየቅም የምትናገረው የዘፈን ምርጫ ነው።

ለሳፊያ እንኳ አልነገረቻትም። ሳፊያ ልቧ እንደ ውሃ ነው፣ አፏም እንደ ውሃ ነው፤ የገባበት አይቆምም። እናቴ ስሙን ስሰማ እነግራታለሁ ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

ሁለቱ የሚሞሉ ድንጋዮች በጎ ነበሩ። ችግራችን ሦስተኛው ነው። ከኅብረት ሱቅ የተገዛ አንድ ተራ ድንጋይ ነበረን፤ ቀን ቀን ጣራ ላይ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከሁለቱ ጋር ይጠመዳል። በየቀኑ ድምፁ ትንሽ ቀደም ብሎ ይደክም ጀመር። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ሬዲዮውን የምትከፍተው ለስሞቹ ብቻ ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ደመና ሆነ። ያለ ወትሮው ነው፤ ቆላው ጨፈገገ፣ የደብረ ሲና ተራራ ጨርሶ ጠፋ። ድንጋያችን ፀሐይ አላገኘም። በሁለተኛው ቀን ማማ ላይ ስንወጣ እናቴ እንዳይበርደው ይመስል ብብቷ ውስጥ ይዛው ነበር። ከፈተች። ሰውየው መጣ። ድምፁ ገና ከመጀመሪያው የሳሳ ነበር።

«ከሸዋ ክፍለ ሀገር» አለ።

የእናቴ እጅ ጉልበቴን ያዘኝ።

«ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ። ቀወት ወረዳ።» የእኛው ወረዳ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ራቀ። እናቴ ሬዲዮውን ጆሮዋ ውስጥ ልትከተው ደረሰች፤ እኔም በዚያ በኩል ጆሮዬን ለጠፍኩ። «ኢብራሂም...» አለ ሰውየው፤ ከዚያ «ሙ...» ብሎ ቀረ።

ብድግ አልኩ። «ሙዚቃ ሊል ነው። ሙዚቃው ሊመጣ ነው፣ እማዬ።»

እናቴ ጀርባውን ከፍታ ድንጋዮቹን አወጣች። በእጆቿ መካከል አሸቻቸው፤ ሦስተኛውን በጥርሷ ነከሰችው፤ ቦታቸውን ቀያየረች፤ መለሰቻቸው። ምንም። እንደገና አወጣቻቸው። ያን ጊዜ ግሪሳው ማሳችን ላይ ወረደ። ወንጭፌን ሳነሳ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ማሽላው ሁሉ በወፍ ክብደት ጎንበስ ሲል፣ ሲበላም እንደ ዝናብ ሲንሿሿ እያየን ቆምን።

«ፈሪሃ» አለችኝ፣ «ምን አለ? መጨረሻ ላይ።»

«ሙ።»

«መ ነው ወይስ ሙ?»

«ሙ።»

«መሐመድ ሊል ነው?»

«አይደለም። ሙዚቃ ሊል ነው።»

አልተቆጣችኝም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አፌን አየችው፤ ድምፁ እዚያ የቀረ ይመስል።

የኢብሮ ሙሉ ስም ኢብራሂም መሐመድ ነው። የሳፊያ ባል ሙሳ ነው፤ ልጃቸው ኢብራሂም ሙሳ። በእኛ ሰፈር ሙሐመድ የሚሉት ሸኹ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ኪታብ ሲያነቡ። ሌላው ሰው ሁሉ መሐመድ ነው የሚለው። ያ ሰውዬ ግን የእኛ ሰፈር ሰው አይደለም። እሱ መሐመድን ምን እንደሚለው ለማወቅ እናቴ አንድ ሌላ የመሐመድ ልጅ ሲጠራ መስማት ነበረባት። አንድ ብቻ። ግዕዝና ካዕብ የሆነች አንዲት ፊደል ናት፤ ልጇ ያለው በሁለቱ መካከል ነበር። «ከዚህ በፊት መሐመድ ሲል ሰምተሻል? አስቢ እስቲ» እያለች ስትጠይቀኝ ሰነበተች። እኔ ስሞቹን ሰምቼአቸው አላውቅም፤ የምጠብቀው ዘፈን ነበር።

ሬዲዮው ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ጋሽ ሽፈራው እንዳለው ሆነ፤ ደካማው ሁለቱን ይዞ ወድቋል። መሙያው ውስጥ ሲገቡ ይግላሉ እንጂ አይሞሉም፤ አንዱ ከሥሩ እንባ የመሰለ ውሃ አወጣ። ኅብረት ሱቅ ድንጋይ አልነበረም። እናቴ በቀጣዩ ቀን ፓፓያዋን ይዛ ከጠዋት ጀምሮ አስፋልቱ ዳር ቆመች፤ በዚያ ሳምንት ማሳውን የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሽፈራው ሲመጣ ትልቁ መሙያ የለም። ደብረ ሲና ላይ ለአንድ ነጋዴ ሸጦታል። እናቴ ወንበሩ ሥር እንዲያይላት ለመነችው፤ አየላት። ከዚያ የማይገናኝ ነገር ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እዚያ በሚሄዱበት አገር፣ ወደ ባሕሩ፣ መሐመድን ምን ብለው ነው የሚጠሩት?»

«መሐመድን?» ፓፓያውን እየላጠ አሰበበት። «መሐመድም የሚል አለ፣ ሙሐመድም የሚል አለ፣ በጉሮሮው የሚለውም አለ። ሁሉም ይመጣል፤ የሚበላ ካለ።» ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አባቴን ናፍቃ መሰለኝና ቀሚሷን ያዝኩላት።

ጋሽ ሽፈራው ከአሰብ ሲመለስ ሌላ እንደሚያመጣላት ቃል ገባ። መስመሩን ቀይረውት ነው መሰል፣ ከዚያ ወዲያ መኪናውን አላየነውም።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ መንግሥቱ ሲወድቅ፣ ከሰሜን የመጡ ወታደሮች በዚያ አስፋልት ላይ በእግራቸው ሲያልፉ እናቴና ሳፊያ የውሃ ጀሪካን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። እግራቸው የቆሰለ፣ ቁራሽ የሚለምኑ፣ ስማቸውን ሲጠየቁ የሚያለቅሱ ልጆች ነበሩ። የምርኮኞችም መኪና አለፈ። ሁለቱም ኢብሮዎች አልመጡም። እስከ ዛሬም አልመጡም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታኅሣሥ ላይ የሆነውን የሚሰማኝ ሰው በከንቱ ተስፋ እንዳያደርግ ነው።

በዚያው በሰማንያ አንድ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የቀበሌ ሰዎች ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ማለዳ የሳፊያን በር አንኳኩ። ልጇ ለአብዮታዊት እናት አገሩ ተሰውቷል አሏት። ሳፊያ ስትጮህ እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ተነሳች፤ ሻርፗን አጣፋች፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆመች። ብዙ ቆመች። ከአጥሩ ማዶ ሰው ይሰበሰባል፣ የወንዶቹ ቁርአን ይሰማል፣ እሷ አትንቀሳቀስም።

በመጨረሻ እጄን ይዛኝ ወጣን። ከእኛ በር እስከ ሳፊያ በር ቅርብ ናት። በዚያች መንገድ ላይ የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። ዱዓ ታደርጋለች ብዬ ዝም አልኩ፤ ዱዓ ሲደረግ አይወራም። አሁን አሁን፣ የከንፈሯን አነሳስ ሳስታውሰው፣ ዱዓ እንዳልነበረ አውቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እየደጋገመች ትለማመደው ነበር። «ሳፊያ፣ ያንቺ በሕይወት አለ።»

ሙሳ በረንዳው ላይ ምሰሶ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሰው የሚለውን አይሰማም። ውስጥ ሴቶቹ ጥቅጥቅ ብለዋል። እናቴ በመካከላቸው አልፋ ሳፊያ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ ጭኗ ላይ ተደገፍኩ። ሳፊያ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፤ አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣ የለም። እናቴ አንገቷን አቀፈቻትና አፏን ጆሮዋ ላይ አደረገች። እኔ በመካከላቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ሳፊያ፣ ስም ሰምቻለሁ። በወዲያኛው ሬዲዮ። በሕይወት አሉ ከሚባሉት ውስጥ።»

ሳፊያ ፈዘዘች። «የማንን ስም?»

«የኢብሮን።»

ሳፊያ ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኖቿ እንደ ፍም ቀልተዋል። የእናቴን ፊት ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የማን ኢብሮ?»

እናቴ የሳፊያን እጅ ይዛ ጣቶቿን ታሻሽ ነበር። የረሳችው መስሎኝ ልረዳት ፈለግሁ፤ ግን ለወፍም እንዳልናገር ተነግሮኛል።

«የኔ» አለች።

ሳፊያ እጇን አወጣች። በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ከዚያ የእናቴን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ሳመቻት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች በዚያ በጠፋ ድምፅዋ። «አልሐምዱሊላህ፣ ራህመት። አንቺ እንኳ ተረፍሽ። ለማንም አትንገሪ፤ እኔም አልናገርም።»

ያን ጊዜ እናቴ ጮኸች። እንዲያ ስትጮህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼአት አላውቅም። ደረቷን እየመታች ወለሉ ላይ ተደፋች፤ ሳፊያ ልታነሳት ስትሞክር እጇን ትገፋባት ነበር። ሁለት ሴቶች ይዘው ውሃ አጠጧት። በበሩ በኩል የተቀመጡት ከባለ ሐዘኗ ይልቅ እሷ ባሰች፣ ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው ተባባሉ።

እኔም ኮራሁባት።